ያለ ቅቤ፣ ያለ ስኳር

ሰውነታችንን እናስተካክላለን ብለው የሚነሱ ሰዎችን እንደ እኔ የሚንቅ ያለ አይመስለኝም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ግማሹን ያሳለፍኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የሰመራና የጅቡቲ መንገደኛ ለምሳ በሚወርድበት በእናቴ ምግብ ቤት ነው። በዚህ ቤት ያላየሁት ሆድ፣ ያልሰማሁት መሐላ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ሥጋ እርም ነው ብሎ ምሎ ማክሰኞ ጥብስ የሚያስደግም አለ። ሐኪም ጨው የከለከለው ሆኖ ሳለ ጨው አንሶታል ብሎ ወጡን የሚመልስ አለ። ታዴዎስ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ደንበኛችን ነጭ መስመር ያለው ቱታ ገዝቶ ለሦስት ቀን ባቡር ጣቢያው ዙሪያ ሲሮጥ አየነው። በአራተኛው ቀን ያንኑ ቱታ ለብሶ መጣና ቅቤ የሚንሳፈፍበትን ፉል በአራት ዳቦ ጠርጎ በላ። ቱታው እስከ ዛሬ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይሄድበታል።

እንግዲህ መቶ አስራ ስምንት ኪሎ የሚመዝን የከባድ መኪና ሾፌር "አንድ ዓመት ስጪኝ፤ ከዚያ ሽማግሌ እልካለሁ" ብሎ ሲጽፍልኝ ምን እንዳልኩ መገመት አያቅትም። ሳቅኩ። ብቻዬንም አይደለም፤ ወጥ ቤቱን ሙሉ ይዤ ሳቅኩ።

ሙእሚን ይባላል። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ቤቱ ሎጊያ ነው፤ ትውልዱ እንደ እኛው ወሎ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለቴ እኛ ቤት ይቆም ነበር። ሲገባ ወንበር ይመርጣል፤ ሁሉም ወንበር አይችለውማ። ያመጣሁለትን ሁሉ ይበላና ቀና ብሎ "ሂያም፣ ይደገም" ይላል። ይደገምለታል። ዐይኑ ትልቅ ነው፣ ሽፋሽፍቱ የሴት ነው። ይህን ያየሁት ግን ሳልፈልግ ነው። እኔ የባለ ምግብ ቤቷ የመዲና ልጅ ነኝ። እናቴ ከምግብ ቤቱ ሌላ አስራ ሁለት አልጋ ያለው ማረፊያ አላት፤ አጎቴ አብዱልበሲጥ ደሴ ሁለት ሱቅ አለው። ለእኔ የታሰበው ባል ዘይትና ሩዝ በጅምላ የሚያከፋፍለው ከማሉዲን ነበር። ሙእሚን ደግሞ የሰው መኪና የሚነዳ ሰው ነው።

አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። የምሳ ሰዓት ነው፤ ቤቱ በሾፌሮች ሞልቷል። መኪናው ሚዛን ላይ ትርፍ ጭነት አለው ተብሎ ሁለት ሰዓት ተገትሮ ነበር።

"ምን ጭነህ ነው?" አለው አንዱ ሾፌር።

እኔ ትሪ ተሸክሜ በመሃል እያለፍኩ ነበር። "ራሱን ነዋ!" አልኩ። "መኪናዋ ምን አጠፋች? ሾፌሩን አውርደው ቢመዝኑ ኖሮ ታልፍ ነበር።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሙእሚንም አብሮ ሳቀ። ከዚያ እጁን ከትሪው አነሳ፣ ታጠበ፣ ሂሳቡን አስቀምጦ ወጣ። ከምግቡ ግማሹ አልተነካም። ከዚያ በፊት ትቶ አያውቅም ነበር። የቀረውን ሥጋ አየሁ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ወጋኝ፤ የወጋኝ ነገር ደግሞ አናደደኝ፤ ሳህኑን አንስቼ ወጥ ቤት ወረወርኩት።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሣህሌ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። ጋሽ ሣህሌ ከሰመራ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ስንጥር አፉ ውስጥ ሳይከት ወሬ አይጀምርም።

"በዚህ ዘመን ደብዳቤ?" አልኩት።

"በስልክ ድምፁን ቢልክልሽ ለአስተናጋጆቹ ከፍተሽ አሰማሽ አሉ። ወረቀት አይጮህም፣ ልጄ።"

እውነቱን ነው። አሰምቻለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለማንም አላነበብኩም። ለምን እንዳላነበብኩ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ከውስጡ ለሰኢዳና ለወጥ ቤቱ ሴቶች የነገርኳቸው ያቺን "አንድ ዓመት ስጪኝ" የምትለዋን ብቻ ነው። ሰኢዳ ከአስተናጋጆቻችን ትልቋ ናት። የሃያ ጠረጴዛ ትዕዛዝ ሳትጽፍ በቃሏ ይዛ ወጥ ቤት ትገባለች፤ አንድ ሽንኩርት እንኳ አትስትም። የሰማችውን አትረሳም። ይህን ያን ጊዜ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። የፍቅር ደብዳቤ ሲባል የማውቀው ጨረቃና እንባ ያለበትን ነው። የሙእሚን ደብዳቤ ምስር ነበረበት።

"ሰኞ። ጎህ ሲቀድ ከሎጊያ ወደ ሰመራ ሃያ ደቂቃ ተራመድኩ። ውሻ አባረረኝ፤ ስለዚህ አምስቱ ደቂቃ ሩጫ ነው። ቁርስ፣ የገብስ ገንፎ ያለ ቅቤ። ምሳ፣ ምስር በግማሽ እንጀራ። ሻይ ያለ ስኳር። ሻይ ያለ ስኳር ምን ምን እንደሚል ልንገርሽ? አዋሽን ሳይቆሙ እንደ ማለፍ ነው።"

"ማክሰኞ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ጉልበቴ ይጮሃል። ጓደኞቼ ትሪ ከበው ጠሩኝ፤ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ዋሸኋቸው። አንቺን ግን አልዋሽም።"

"ሐሙስ። አልተራመድኩም። ነፋስና አቧራ ነበር የሚል ሰበብ አለኝ። እውነቱ ግን ሰነፍኩ። ከምሳ በኋላ ኬክ በላሁ። ሁለት።"

ወጥ ቤት ገብቼ፣ ጭልፋ እንደ ማይክሮፎን ይዤ አነበዋለሁ። "ኬክ በላሁ" ካልኩ በኋላ ቆም እላለሁ፤ ሁሉንም በየተራ አያለሁ፤ ከዚያ "ሁለት!" ስል ሴቶቹ ድስት ላይ ይወድቃሉ። ኬኩን ብዙ ጊዜ አስደግመውኛል። ኬክ በላሁ ብሎ ለሴት የሚጽፍ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ወንድ ልጅ ለሴት ሲጽፍ ይፎክራል እንጂ ምስር ይቆጥራል?

በሦስተኛው ወር ደግሞ ይባስ ብሎ መኪናውን አስረከበ። "መሪ ላይ ሰዓት ጠብቆ መብላትም መተኛትም የለም" ሲል ጻፈ፤ "ሎጊያ ጋራዥ ዕቃ ቤት ገባሁ፤ ደመወዙ ያንሳል፣ እንቅልፉ ይበዛል።" እናቴ ይህን ከሌላ ሰው ሰምታ ከንፈሯን ጣለች።

"ከሾፌርነት ወደ ብሎን ቆጣሪነት!" አለች። "እንዲህ ወደ ታች የሚያድግ ሰው ዐይቼ አላውቅም።"

እኔም ሳቅኩ። ደብዳቤዎቹን ግን አልጣልኳቸውም፤ በባዶ የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሰኢዳ ለምን ብትለኝ "ስናዝን እንስቅባቸዋለን" አልኳት። ደቂቃዎቹ በየሳምንቱ ይጨምሩ ነበር። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። አንድ ማክሰኞ አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቶ ሳይመጣ ሲቀር ቀኑን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስሰድብ ዋልኩ። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

*

በሰባተኛው ወር በማረፊያው ወረቀት ጉዳይ ሰመራ ሄድኩ። እስከ እኩለ ቀን ጨረስኩ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ባጃጅ ይዤ ሎጊያ ወረድኩ። ለምን እንደምወርድ ሲጠይቀኝ ለባጃጁ ሾፌር ጫማ ልገዛ ነው አልኩት።

ሙእሚን ረቡዕና ዓርብ የት እንደሚበላ ጽፎልኛል። "ውብነሽ የምትባል የጎንደር ሴት ምግብ ቤት ነው። የክርስቲያን ቤት ስለሆነ ሥጋቸውን አልነካም። በጾም ቀን ደግሞ ከነጭራሹ ሥጋም ቅቤም እሳት ላይ አይወጣም። ፈተና የሌለበት ቤት ሎጊያ ውስጥ ያገኘሁት ይሄን ብቻ ነው።"

ከመንገዱ ማዶ፣ ጎማ የተከመረበት ጥላ ሥር ቆሜ በክፍቱ በር አየሁት። መጀመሪያ እሱ አልመሰለኝም። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገት አውጥቷል። ፊቱ ላይ ተደብቆ የኖረ ሌላ ፊት ወጥቷል። ከፊቱ በየዐይነቱ ቀረበለት። ገና ሳይጀምር እንጀራውን ለሁለት ቆረጠና ግማሹን ለአስተናጋጇ መለሰ። "ቢስሚላህ" ሲል ከንፈሩን አየሁት። ከዚያ ቀስ እያለ በላ። ማንም አያየውም፤ የሚያጨበጭብለት የለም፤ እኔም እንዳለሁ አያውቅም። ብቻውን ሆኖም የጻፈልኝን ያንኑ ያደርጋል።

"ምን ይንቀባረራል" አልኩ ለራሴ። ሌላ የምለው አላገኘሁም። ልግባ? ገብቼስ ምን ልበል? "የሚዛኑ ቀን ተሳስቻለሁ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ምላሴ ላይ አልወጣ አለች። ባጃጁ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

"እህቴ፣ ምን ሆንሽ?"

"ላብ ነው" አልኩት። "አገራችሁ እሳት ነው።"

እስከ ሰመራ መናኸሪያ ድረስ ላቡ አልቆመም። ራሴን እንዲያ አምርሬ የጠላሁት ያን ቀን ነው።

*

ውብነሽ ቤት ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከማሉዲን ዘይት ሊያራግፍ ሎጊያ ሄዶ፣ ሙእሚን "የጾም አምጪልኝ" ሲል በጆሮው ሰማ። በቃ። የወሎ ነጋዴ ወሬ ከጋሽ ሣህሌ አውቶቡስ ይፈጥናል። ሚሌ ላይ "ሙእሚን ረቡዕና ዓርብ ይጾማል" ነበር። ገዋኔ ሲደርስ "ሊጠመቅ ነው" ሆነ። እናቴ ጆሮ ሲገባ የጥምቀቱ ቀን ተቆርጦ፣ የክርስትና ስሙ ሀብተ ሥላሴ ተብሎ አልቋል።

"ሱብሐነላህ!" አለች እናቴ። "ያ ሁሉ መክሳት ለዚህ ኖሯል!"

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እውነቱ በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአልጋዬ ሥር አለ። ግን "ደብዳቤ ይጽፍልኛል" ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ ቀጥሎ "አንብቤዋለሁ" ማለት ነው፤ ከዚያም ለምን እንዳላቃጠልኩት መጠየቅ ይመጣል። ከማሉዲንም እዚያው ቁጭ ብሎ ሆዱን እያሻሸ ያየኛል። ዝም አልኩ። ሰውን ለመስደብ ያልፈራሁት ልጅ፣ ለአንድ ሰው እውነት ለመናገር ፈራሁ።

ዓመቱ ሞላ። አንድ እሑድ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ የሙእሚን ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ጢማቸው የነጣ የሎጊያ ሐጂ ናቸው። ሁለተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ሣህሌ! አንገቱ ላይ ጥቁር ማተቡን አስሮ፣ ስንጥሩን በጥርሱ ይዞ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ በሃይማኖት አይመረጥም፤ በደህናው ቀን ቢሆን ማንም ልብ ባላለው። ሊጠመቅ ነው የተባለ ሰው ግን ባለ ማተብ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል? ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ "የዋህ!" ብዬ ሰደብኩት።

ደንቡ ልጁ ውጭ እንዲቆይ ነው። እናቴ ግን "ራሱ ይግባ፣ ልየው" አለች። እናቴ ሰውን የምታውቀው በአበላሉ ነው። እጁ የሚሰስት ልቡም ይሰስታል ብላ ታምናለች፤ የአባቴን ቤተሰብ ግማሹን በዚህ ምክንያት አታነጋግርም። በቤታችን ደግሞ የቤቱ ምግብ ሳይቀመስ የመጡበት ነገር አይነሳም።

ትሪው መጣ። በግ ጥብስ፣ በቅቤ የራሰ ሩዝ፣ ዳር ዳሩን የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ። ሙእሚን ከሽማግሌዎቹ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። እኔ የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዤ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። በዓመት ውስጥ መጀመሪያ ያየኝ ነው።

እናቴ ሩዙን በሥጋ ጠቅልላ፣ ቅቤው በጣቶቿ መሃል እየወረደ፣ ጉርሻውን ወደ አፉ ዘረጋች።

"እማማ፣ አላህ ይስጥልኝ" አለ ሙእሚን ቀስ ብሎ። "አልችልም።"

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። "ዛሬ እሑድ ነው" አለች። "እሑድም ይጾማል እንዴ?"

አጎቴ አብዱልበሲጥ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሙእሚን፣ በአላህ ፊት ልጠይቅህ። ሃይማኖትህን ለውጠሃል ወይስ አልለወጥክም?"

የጋሽ ሣህሌ ስንጥር ወደቀ። "ኧረ በእመ ብርሃን! እኔ ሳልሰማ ክርስትና አባቱ ማን ሊሆን ኖሯል?"

"አንተ እንኳ ዝም በል" አለች እናቴ።

ሙእሚን አልተቆጣም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሂያም ታውቃለች" አለ። "በየሳምንቱ ጽፌላታለሁ። የምበላውን፣ የት እንደምበላ፣ ለምን እንደምበላ። እሷ ትንገራችሁ።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ዝም ብል ከማሉዲንን አግብቼ፣ ዘይትና ሩዝ ሳልቸገር እኖራለሁ፤ ይህ ሰው ደግሞ በሐሰት ስሙ ጠፍቶ ከዚህ ቤት ይወጣል። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ቆርቆሮውን ይዤ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያወጣሁት ያንን ለማንም ያላነበብኩትን ነው።

"ሂያም፣ አሰላሙ አለይኪ። ሁለተኛ ትሪ የማዝዘው ርቦኝ እንዳልነበረ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። አንቺ እንድትመጪ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰመራ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ስኳር አለብህ አሉኝ። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጦ በአርባ ስምንት ዓመቱ ሞተ። እናቴ ስድስት ዓመት ተሸክማው ኖረች። እኔ አንቺን የማገባው አስታማሚ ላደርግሽ አይደለም። አንድ ዓመት ስጪኝ። ራሴን መግዛት ካልቻልኩ ሽማግሌ አልልክም።"

እናቴ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰች። እጇን አልጠረገችም። አባቴም በስኳር ነው የሞተው፤ ጉርሻውን እስከ መጨረሻዋ ቀን የምታጎርሰው እሷ ነበረች።

የውብነሽን ቤት ደብዳቤ አነበብኩ። አጎቴ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ሐጂው ጢማቸውን ዳሰሱ። ማቆም እችል ነበር፤ ግን አላቆምኩም። ቀጥሎ የዒዱን አወጣሁ።

"ዒድ። ሰው ሁሉ ሥጋ ላይ ነው። ሁለት ቁራጭ በላሁና ተነሳሁ…" ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ። ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት።

ይሄኔ ከበሩ፣ የእጅ መታጠቢያውን እንደያዘች፣ ሰኢዳ ቀጠለችልኝ። በቃሏ።

"…ተነሳሁ። በባዶው መንገድ አርባ ደቂቃ ተራመድኩ። ስመለስ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶሽን አየሁ። የእናትሽ ጥብስ አማረኝ። አንቺም አማርሽኝ።" እንባዋ ይወርዳል፤ እኔን መርዳቷ ነው። "ደግሞ ያ ሐሙስ አለ፣ ሰነፍኩ ያለበት። ከምሳ በኋላ ኬክ በላሁ…"

ቆም አለች። እኔ ለሳቅ ብዬ የምቆምበት ቦታ ላይ፣ ልክ እንደ እኔ፣ ሁሉንም በየተራ አየች። ከወጥ ቤቱ ደግሞ አንዷ ልጅ፣ ሳታስበው፣ በልማድ፣ "ሁለት!" ብላ ሳቀች።

ደብዳቤዎቹ ወጥ ቤት ውስጥ ለሳቅ እንደተነበቡ ቤቱ ሁሉ ገባው።

ሙእሚን ቀስ ብሎ ተነሳ። ያየኝ ዐይን የማውቀው ዐይን ነበር። ሰውን ሁሉ የማይበት የራሴው ዐይን ነው፤ ከላይ እስከ ታች አይቶ የሚጨርስ።

"ሰኢዳ" አለች እናቴ ድምፅ በሌለው ድምፅ፣ "ምስር አለ? ያለ ቅቤ ይምጣለት።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ" አለ ሙእሚን። "ስሜ ጠርቷል፣ ይበቃኛል። ጠዋት መንገድ ላይ ነበርኩ፤ የዛሬውን እርምጃ አሁን እራመዳለሁ።"

ወጣ። እኔ ስናቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ አጥንት ድረስ እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

*

ማንንም ሳላስፈቅድ ተከተልኩት። አሮጌውን ባቡር ጣቢያ አልፎ፣ ሐዲዱን ይዞ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ይራመዳል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ መሬቱ ግን ገና ይፋጃል። እኔ ለእንግዳ ቀን የሚደረግ ስስ ጫማ ነው ያደረግኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ አለቀ። የሰው ሆድ ስቆጥር የኖርኩት ልጅ፣ ሁለት መቶ ሜትር መራመድ አቃተኝ!

"ሙእሚን!"

አልዞረም። አልሮጠምም። ያው እርምጃው።

"ሲነበብ ስንት ነበራችሁ?" አለ ፊቱን ሳይመልስ።

"አምስት። አንዳንዴ ስድስት።"

"ሁሉንም?"

"ከመጀመሪያው በቀር። እሱን ለማንም አላነበብኩም።"

"ለምን?"

"አያስቅም ነበር።" ወገቤን ይዤ እያለከለኩ ነው። "ሙእሚን፣ ልዋሽህ አልችልም። አስቂኝ ሆነህ እንድትቀር ፈልጌ ነበር። ካልሳቅኩብህ ልወድህ ነው። ደቂቃው በጨመረ ቁጥር ፈራሁ። እኔ በራሴ ላይ ጨክኜ የጨረስኩት አንድ ነገር የለም። የምንቃቸው ሰዎች ሁሉ እኔው ነኝ፤ ታዴዎስ እንኳ ሦስት ቀን ሮጧል።"

አንድ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ከአፍንጫው ወጣ። ሳቅ ይሁን ንቀት አልለየሁም።

"ሎጊያ መጥቼ አይቼሃለሁ" አልኩ። "እንጀራውን ለሁለት ስትቆርጥ። ገብቼ ይቅርታ ልልህ ነበር፤ ተመልሼ ሄድኩ።"

እርምጃው ለአፍታ ተሳከረ፤ ከዚያ ተስተካከለ።

"እኔም እውነቱን ልንገርሽ" አለ። "ስጀምረው በአንቺ ስድብ ነው፤ ለአንቺ ነው። አምስተኛው ወር ላይ ግን አንድ ጠዋት ነቅቼ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ አንቺን አላሰብኩም። የራሴ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሂያም፣ ዛሬ እሺ ብትዪኝም እምቢ ብትዪኝም ነገ ጎህ ሲቀድ እራመዳለሁ። ከእጅሽ ወጥቷል።"

እንዲህ ያለ የሚያም ነገር ከፍቅር ቃል ሁሉ ይበልጥ የሚያምር መሆኑ ገረመኝ። የግራ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። አወለቅኩት፤ ሌላውንም አወለቅኩት። ኮረቱ እግሬን ይፋጀኛል፤ ግን አልቆምኩም።

"ስንት ደቂቃ ቀረ?" አልኩ።

"ሃያ ስምንት።"

"አንድ ዓመት ስጠኝ።"

ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ የአዋሽ ውኃ ድምፅ ይሰማል።

"እኔ እጽፋለሁ" አልኩ። "በየሳምንቱ፣ በጋሽ ሣህሌ እጅ። ምን እንደሠራሁ፣ የት ላይ እንደሰነፍኩ፣ ማንን እንደሰደብኩ። አልዋሽህም። ብትፈልግ ለጋራዡ ሙሉ አንብብላቸው። ጭልፋ ከሌላችሁ በመፍቻ።"

መራመዱን ቀጠለ። ያለ ጫማ፣ ዓይኔ እያነባ፣ በሐዲዱ ጠጠር ላይ እያነከስኩ ተከተልኩት። ለምኜ አላውቅም ነበር፤ መለመን እንደዚህ ነው ለካ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሴን ቀና ሳደርግ ጀርባው ከቅድሙ ቀርቦ አየሁት። እኔ ግን አልፈጠንኩም ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ምስሩን ሸፍና ጠብቃለች፤ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ግማሽ እንጀራ በላሁ። ከዚያ ከሂሳብ ደብተሩ አንድ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩ።

"እሑድ። አርባ ደቂቃ። መጀመሪያ ጥለኸኝ ሄደህ ነበር። በኋላ ግን እርምጃህን ቀነስክ። አልዋሸሁም።"